የአናጢው ልጅ ያሰመረችው መስመር

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ጠጋኟ» ነው የሚሏት። አገሪቱ የአየር ንብረት ለውጥን የምትቋቋምበት ትልቅ ዕቅድ ሲነደፍ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ምዕራፍ ጽፎ ይልካል፤ እሷ ደግሞ ምዕራፎቹን አንድ ላይ ትገጥማለች። ሲነገር ቀላል ይመስላል። የኃይል ሰዎች ግድብ የሚሞሉበትን ወንዝ የግብርና ሰዎች ከላይ በመስኖ ጨርሰውት ታገኘዋለች። የደን ሰዎች ችግኝ በሚተክሉበት ኮረብታ ላይ የመንገድ ሰዎች አስፋልት ዘርግተውበታል። ያኔ ሁለቱንም ወገኖች ጠርታ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ታስቀምጣቸዋለች፤ እስኪስማሙ ድረስም ሻይ አታዝዝላቸውም። እስካሁን ከጥናቱ ሁሉ ይልቅ የሠራው ይሄ ዘዴዋ ነው።

የከተሞችን ምዕራፍ ግን የጻፈችው ራሷ ናት። ዝናቡ ከዓመት ዓመት እየከበደ ስለመጣ፣ ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት ቦታ ይለቀቅለት፣ እዚያ ያሉ ቤቶችም ወደ ከፍታው ይዛወሩ የሚል ነው። ካርታው ላይ የሚለቀቀውን ቦታ የሚከብበውን ቀይ መስመር ስታሰምር አንድ ቦታ ላይ እጇ ቀጥ አለ። መስመሩ የአባቷን ቤት ወደ ውስጥ አስገብቶታል። አባቷ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው።

አጠገቧ የሚቀመጠው የካርታ ባለሙያ ነገሩ ገባው።

«ምን አለበት፣ መስመሩን ወደ ወንዙ ማዶ ትንሽ ገፋ አድርጊዋ። ማን ያያል?»

«ማዶ ሰው የለም እንዴ?»

«ሰውማ አለ። ግን አናውቃቸውም።»

በምሳ ሰዓት እስከ ድልድዩ ሄደች። ማዶ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች። ውሃው ከዚህ ከተከለከለ የሚሄደው ወደዚያች ሴት ደጅ ነው፤ ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ተመለሰችና መስመሩን እንዳለ ተወችው። ጻድቅ ሆና አይደለም። አንድ ጊዜ ከገፋችው፣ ሌላው ሁሉ ግፊልኝ ሲላት የምትመልሰው ስለሌላት ነው።

መሥሪያ ቤቱ ጥብቅ ደንብ አለው፤ ረቂቁ በሕዝብ ስብሰባ ላይ እስኪቀርብ ለማንም አይነገርም። ቀድሞ የሰማ ቤቱን ላልሰማ ይሸጣላ! ስለዚህ እሑድ እሑድ አባቷ ጋ ስትሄድ፣ ስለ ጣሪያ እድሳት ሲያወሩላት ሆዷ እያወቀ ዝም ትላለች። እሳቸውም ልጃቸው ስለ ዝናብ ከሚጽፉ ሰዎች ጋር እንደምትውል እንጂ ሥራዋን በቅጡ አያውቁትም።

የስብሰባው ቀን ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ካርታው ግድግዳው ላይ ሲበራ ቤታቸውን አዩ። ተነሡ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህን መስመር ያሰመረው ሰው፣ የራሱ ቤት የት ነው?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰብሳቢው ወደ ማይኩ እጁን ሲሰድ ቀደመችው።

«ያሰመርኩት እኔ ነኝ። የተወለድኩበት ቤትም መስመሩ ውስጥ ነው።»

ጭብጨባው ቆመ። አባቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ስብሰባው ሲበተን በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ቤቱስ ይሁን፤ እንጨት ነው» አሏት። «አንቺ ግን ጣሪያውን ላድስ ስልሽ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ። እኔ እንደማንም ሰው ካዳራሽ መስማት ነበረብኝ?»

«ከማንም ሰው ቀድመህ ሰምተህ ቢሆን፣ መስመሩን ማን ያምነው ነበር አባዬ?»

አናጢው ይህን ትንሽ አሰቡበት።

«ልክ ነሽ» አሉ። ኮታቸውን ቆለፉ። «ልክ ነሽ። ግን እሑድ አትምጪ። ቅሬታው ሲወጣልኝ እኔው እጠራሻለሁ።»