በአባዬ ክፍል የነበረው ፍሪዘር

ሰፈሩ ታናሽ እህቴን «የውሻ እናት» ይላታል። እሷ ትስቃለች፤ የምናደደው እኔ ነኝ። እሷ የውሻ እናት ከሆነች እኔ የውሻ አጎት መሆኔ ነዋ! ሃያ ስምንት ዓመት ሶፋ ስሠራ የኖርኩ፣ ቱግ ማለት የሚቀናኝ ሰው ነኝ፤ በዚሁ ስም የተነሳ አንድ ሁለቴ ከሰው ጋር ተናንቄአለሁ። አሁን ግን የፈለጉትን ቢሉኝ ግድ የለኝም። ይህን የምጽፈው በእሷና በእናታችን ላይ የደረሰው ነገር ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ነው። የእኔም እጅ አለበት።

የእህቴ ሥራ የሰው ውሻ ተቀብሎ ማቆየት ነበር። ሰው መንገድ ሲሄድ ወይም ሆስፒታል ሲገባ ውሻውን እሷ ዘንድ ይተዋል። በአንድ ጀመረች፤ ዘጠኝ ደረሱ። ስሟን ያስጠራው ደግሞ ምግቡ ነው። ውሾቿ የሚበሉት ጥሬ ሥጋ ብቻ ነው፤ ሳንባ፣ ልብ፣ ጨጓራ፣ የአንገት አጥንት። ፀጉራቸው ያበራል፣ ጥርሳቸው ነጭ ነው። እናታችን ገና ደህና ሳለች ትቀልድባት ነበር። «እሳት ካየው ምን ለየው ሲባል ነው የማውቀው፤ የኔ ልጅ ደግሞ እሳት እንዳያየው ዘብ ትቆምለታለች» ትላለች።

በየሁለት ሳምንቱ ከቄራ ሰማንያ ኪሎ ይመጣላታል። ያን ቀን ቤቱ ሌላ ቤት ነው። በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ቢላዋ ይሳላል፣ ሚዛኑ ይወጣል። ሥጋው ትኩስነቱ ሳይወጣለት ፍሪዘር ውስጥ አይገባም፤ እንደዚያ ከተከመረ ዳር ዳሩ በረዶ ሲሆን መሀሉ ይሸታል። መጀመሪያ በትሪ ዘርግታ ታቀዘቅዘዋለች። ከዚያ ለአንድ ውሻ የአንድ ቀን እየመዘነች በላስቲክ ትቋጥርና በመዳፏ ደፍጥጣ እንደ ደብተር ጠፍጣፋ ታደርገዋለች፤ ጠፍጣፋ ሲሆን ቶሎ በረዶ ይሆናል፣ ቶሎም ይቀልጣል። ቀኑን ትጽፍበታለች። አዲሱ ከታች፣ የቆየው ከላይ። አንድ ጊዜ የቀለጠ ሥጋ ደግሞ ተመልሶ አይገባም። ይህ ሕጓ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም።

በመጀመሪያው ሰሞን በየላስቲኩ ላይ «የውሻ ሥጋ» ብላ ትጽፍ ነበር። ሶኬት ሊጠግን የመጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ክዳኑን ከፍቶ ስድሳ ቋጠሮ «የውሻ ሥጋ» ሲያይ ክው አለ፤ መፍቻውን ጥሎ ወጥቶ መንገድ ላይ አገኘኝ። «የማንን ውሻ ነው ያረዳችሁት?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የእያንዳንዱን ውሻ ስም መጻፍ ጀመረች። አንዷ አሮጊት ውሻ ስሟ ድንች ነበር፤ ቋጠሮዋ ላይ «የድንች» ይላል። ሥጋ ሞልቶ ድንች የሚል ፍሪዘር እዚያ ቤት ብቻ ነው ያየሁት።

ፍሪዘሩ አሮጌ ነው፤ ከተዘጋ ሆቴል የተገዛ። የተቀመጠው አባዬ በሞተበት ክፍል ነው፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። ቤቱ ሁለት ክፍልና በረንዳ ነው። አባዬ ሳንባውን ታሞ አሥራ አንድ ወር እዚያ ክፍል ተኝቷል። እማዬ አንድም ቀን ከአጠገቡ አልተለየችም፤ ወንበር ላይ እየተኛች፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ እያዋጠች አስታመመችው። እጁን እንደያዘች ነው የሞተው። ይኼው አራት ዓመት አልፎታል።

ከዚያ በኋላ እማዬን የመርሳት ሕመም ያዛት። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ እኔን በአጎቴ ስም መጥራት። እህቴን ግን አትስትም ነበር። ቤቱንም አትስትም፤ በሩን፣ ግድግዳውን፣ የአባዬን ክፍል። እህቴ ሥራውን ከቤት ያላወጣችው ከእሷ ላለመለየት ነው።

አንድ ሰሞን ውሾቹ መታመም ጀመሩ። ያስመልሳቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል። የእንስሳት ሐኪሙ «ምግብ ነው» አላት። እህቴ ቄራ ድረስ ሄዳ ሥጋ ሻጩን አፈር አስበላችው፤ ሰውየው በልጆቹ ማለ። በሳምንቱ ድንች ሞተች። ባለቤቷ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው። መጣ፣ የአንገቷን ቀበቶ ተቀበለ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ። «ምነው በሰደበኝ!» ብላ አለቀሰች እህቴ።

ያን ዕለት ፍሪዘሩን እስከ ወለሉ ገለበጠችው። ጥግ ላይ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ታስቀምጥ ነበር፤ ውሃ ሞልታ፣ በረዶ አድርጋ፣ በበረዶው ላይ ሳንቲም ጣል አድርጋበት። ሳንቲሙ ከላይ ካለ ሥጋው ሰላም ነው። በረዶው ከቀለጠ ሳንቲሙ ይሰምጣል፤ ተመልሶ በረዶ ቢሆንም ሳንቲሙ ከታች ይቀራል። ሥጋው ድንጋይ ነበር፣ ሞተሩም እየሠራ ነበር። ሳንቲሙ ግን ከኩባያው ሥር ተኝቶ ነበር። በዚያ ሰሞን መብራት ጠፍቶ አያውቅም።

በማግስቱ ውሾቹን ይዛ የወጣች መሰለችና በጓሮ ተመለሰች። እማዬ ተንበርክካ ሶኬቱን ስትነቅል አገኘቻት።

እህቴ ክፉ አይደለችም። ግን ያን ቀን የድንች ሬሳ ከዓይኗ አልጠፋም ነበርና «አንቺ ነሽ የገደልሻት! ውጪልኝ! ሁለተኛ እዚህ ክፍል እንዳላይሽ!» ብላ ጮኸችባት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ክፍሉን ቆለፈችው። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ሥር ቁጭ ብላ እንጨቱን ትቧጥጥ ጀመር። «ክፈቱልኝ፣ ብቻውን ነው» ትላለች። ማን ነው ብለን አልጠየቅናትም። የሕመሙ ወሬ ነው ብለን አለፍነው።

ሄጄ በሩ ሥር አየኋት። ሲከፋኝ ደግሞ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ «እማዬን እኔ ጋ እወስዳታለሁ» አልኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ እባክህ አትውሰድብኝ» አለች እህቴ። «የቀራት ይኼ ቤት ነው። ከዚህ ከወጣች ጨርሳ ትጠፋብኛለች።»

«እንግዲያው ውሻሽን ወይ እናትሽን ምረጪ!»

«የምንበላው እኮ በውሾቹ ነው፤ እሷም እኔም።»

አልሰማኋትም። ልብሷን በቦርሳ አድርጌ በዚያው እሁድ ወሰድኳት። እማዬ መኪናው ውስጥ ሆና ወደ ኋላ እየዞረች ታይ ነበር።

እኔ ቤት አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየች። እህል አልቀምስ አለች። አንድ ጠዋት ባለቤቴ «ና እስቲ፣ እናትህ የምታደርገውን እይ» ብላ ጠራችኝ። እማዬ ወንበር ስባ ፍሪጃችን አጠገብ ተቀምጣለች። መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ፣ ሞተሩ ሲነሳ «አይዞህ፣ አይዞህ» ትለዋለች። ሞተሩ ዝም ሲል እሷም ትንፋሿን ታወጣለች።

አጠገቧ ተንበረከክኩ። «እማዬ፣ ማንን ነው?»

«አባትህን ነዋ» አለች፤ እንደ ሞኝ አየችኝ። «አይሰማህም እንዴ ሲያቃስት? ያኛው ቤት ደግሞ ይብስበታል። ትንሽ ይተኛ ብዬ አስተኛዋለሁ፣ ለመድኃኒቱ ሰዓት እቀሰቅሰዋለሁ። እህትህ ትቆጣለች እንጂ።»

ያን ጊዜ ያ አሮጌ ፍሪዘር በጆሮዬ መጣ። ማጓራቱ፣ ዝም ማለቱ፣ እንደገና መጀመሩ። አባዬ በመጨረሻው ሰሞን ትንፋሹን የሚያወጣው እንደዚያ እያቃሰተ ነበር። እማዬ ሶኬቱን ስትነቅል ባሏን ማስተኛቷ ነበር፤ መልሳ ስትሰካው መቀስቀሷ። እኛ ደግሞ በሩን ቆለፍንባት። ወጥቼ ወርክሾፔ ውስጥ፣ የስፖንጅ ክምር ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ለእህቴ ደወልኩላት። ነግሬያት ስጨርስ አለቀሰች። «ምን ብዬ ነው የጮህኩባት» አለች። ፍሪዘሩን በረንዳ ላይ እናውጣው አልኳት። «በዚህች ቤት በረንዳውም እዚያው ነው፤ ትሰማዋለች» አለችኝ። ሐሙስ ዕለት ባለቤቶቹን ሁሉ ጠርታ ውሾቹን አስረከበች። ከታመሙ በኋላ አዲስ የገባውን ሥጋ እንዳለ አብራ አደለች። ከዚያ ሶኬቱን በገዛ እጇ ነቀለች። አጠበችው፣ አደረቀችው፣ እንዳያስጠላ ብላ ነጭ አንሶላ አለበሰችው። የሦስት ዓመት ሥራዋን በአንድ ቀን ዘጋች፤ አንዴም አላማረረችም። «እማዬን ብቻ አምጣልኝ» አለችኝ።

ቅዳሜ መለስኳት። አጥሩን ስታይ ፊቷ በራ። ከመኪናው ስትወርድ ክንዷን እንድይዛት እንኳ አልጠበቀችም፤ እህቴን ሁለት ጊዜ ሳመቻትና በቀጥታ ወደ አባዬ ክፍል ሄደች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደጃፉ ላይ ቆማ ጆሮዋን ሰጠች። ክፍሉ ጭጭ ብሏል። አንሶላውን አየችው።

«ምነው አይሰማኝም?» አለች።

እህቴ ከኋላዋ አቀፈቻት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይህን ሰዓት ስትጠብቅ ነበር፤ ደስ ልታሰኛት ቸኮለች። «አያቃስትም እማዬ፣ አታስቢ» አለቻት። «አረፈ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እኔም ሰማሁት፤ ክፋቱ ግን ለእኔም አልታየኝም።

«መቼ?» አለች እማዬ።

«ሐሙስ» አለች እህቴ፤ አሁንም አልገባትም።

እማዬ ቁጭ አለች። ወንበር አልፈለገችም፤ ሲሚንቶው ላይ። አንሶላውን ጫፉን ያዘችና «ሐሙስ እኔ የት ነበርኩ?» አለች። ቀና ስትል ቦርሳዋን ይዤ ቆሜ አየችኝ።

«አንተ ቤት ነበርኩ» አለች። «እኔ አንተ ቤት ተቀምጬ፣ እሱ እዚህ ብቻውን።»

እህቴ ተደፍታ እግሯን ይዛ ነገረቻት። አባዬ የሞተው ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ እጁን ይዘሽው ነበር፤ አሥራ አንድ ወር ከአጠገቡ አልተለየሽም፤ ሰው ሁሉ መስክሮልሻል አለቻት። እኔም በአባዬ መቃብር ማልኩላት። እማዬ እያፈራረቀች ሁለታችንንም አየችንና በዝግታ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔማ አልነበርኩም» አለች።

ይኸው ሰባት ወር ሆነ። ፍሪዘሩን በማግስቱ ነው ያስወጣሁት። እህቴ አሁን የሶፋ ልብስ ትሰፋልኛለች፤ እማዬን ከጎኗ አስቀምጣ፣ በእጅ መርፌ፣ የስፌት ሞተር ሳታስነሳ። እማዬ የእኔን ስም ረስታለች፣ የባለቤቴንም፣ ማንኪያ በየትኛው በኩል እንደሚያዝም። እሁድ እሁድ ስሄድ ግን በሩን ከመክፈቴ ታውቀኛለች፤ የወሰዳት ሰው መሆኔን። «ባትወስደኝ ኖሮ እደርስበት ነበር» ትለኛለች። በቁጣ አይደለም የምትለኝ፤ ተቆጥታ ቢሆን እችለው ነበር። «ይቅር በይኝ እማዬ» እላታለሁ። እሷም «እሱን ጠይቀው» ትለኝና ፊቷን ወደ ባዶው ክፍል ትመልሳለች።