ሰፈሮቹን ወደ ኋላ ስጠራ

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ትናንት ከሰዓት፣ ከመገናኛ ወደ ጎሮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ስማቸውን እንኳ ለማላውቃቸው ሰዎች ነገርኩ... ያውም ጮክ ብዬ።

ምን ሳደርግ እንደነበር ላስረዳ። ሰፈር እየጠራሁ ነበር። «ጎሮ፣ ጃክሮስ፣ ገርጂ፣ ኢምፔሪያል፣ መገናኛ።» ታክሲው ወደ ፊት ይሄዳል፣ እኔ ወደ ኋላ እጠራለሁ። የታዘዝኩት የቤት ሥራ ነው።

ያዘዘችኝ መድኃኒት የምወስድበት ጤና ጣቢያ ያለች ሲስተር ናት። ካለፈው ክረምት ወዲህ መርሳት አስቸግሮኛል። ቃል አፌ ላይ ደርሶ ይጠፋል፤ ማታ ያነበብኩት ገጽ ጠዋት እንደ አዲስ ይሆንብኛል። ስነግራት አልሳቀችም። «ቫይረሱን መድኃኒቱ ይዞታል። ግን አንዳንድ ሰው ላይ ማሰብና ማስታወስን ይነካል። እብደትም ስንፍናም አይደለም፤ በልምምድ እናግዘዋለን» አለችኝ። ቀጥላም «ማንበብ የት ተማሩ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ታክሲ መስኮት ላይ» አልኳት። እውነቴን ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ ነው፤ ሰው የሱቁን ስም ሲጠራ እየሰማሁ፣ ከማስታወቂያው ጋር እያስተያየሁ።

«እንግዲያው ልምምዱም እዚያው ይሁን» አለችኝ።

ልጄ ሰናይት ይህን ሁሉ አታውቅም። ክኒኖቹን የደም ግፊት ናቸው ብያታለሁ። ቦሌ ቢሮ ትሠራለች፣ መኪና አላት፣ ትወደኛለች። ባለፈው ሳምንት ሽሮ ጥጄ ረስቼው፣ ድስቱ ሲያርር ደረሰች። «በቃ እማ! ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ። የዚህን ቤት ቁልፍም ትሰጪኛለሽ። ከእንግዲህ ብቻሽን መውጣት የለም!» አለችኝ። ያረረውን ድስት አንስቼ መፈግፈግ ጀመርኩ። ዝምታ ልማዴ ነው። ድስት ስጥድ ስልኬ እንዲጮህ ማድረግ ከሲስተሯ መማሬን እንኳ አልነገርኳትም።

ታዲያ ትናንት... ገርጂን እንዳለፍን ሳይታወቀኝ ድምፄ ከፍ ብሏል መሰለኝ፣ ረዳቱ ዞር አለ። «ማዘር፣ ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው እንዴ?»

ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ገርጂ ጠፋብኝ። አሁን ያለፍነው ሰፈር! «ጎሮ፣ ጃክሮስ... ጎሮ፣ ጃክሮስ... ኧረ ረሳሁት!»

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ እጇን አናቴ ላይ ጫነች። «በኢየሱስ ስም! አንተ የመርሳት መንፈስ፣ ልቀቃት!» ክፋት አልነበረባትም። እጇም ሙቅ ነበር።

ከኋላ ግን ከረባት ያሰረ አንድ ሰውዬ፣ «እንዲህ ያለውን ሰው ቤተሰብ እንዴት ብቻውን ይለቃል? ምን ዓይነት ልጆች ናቸው?» አለ።

ድምፁን አወቅኩት። የእሱን አይደለም፣ የራሴን። ባለቤቴ ሊሞት ሰሞን፣ ዳቦ ልኬው ጨው ይዞ ሲመጣ፣ የገዛ በራችንን አልፎ ሲሄድ፣ ሰው ፊት «ይሄ ሰውዬ ከእንግዲህ ሰው አይሆንም» ብዬዋለሁ። ያኔ ምን እንደያዘን እሱም እኔም አናውቅም ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

እኔ ግን አንገቴን አልደፋሁም።

«እጅሽን አንሺልኝ፣ እህቴ» አልኳት። «መንፈስ አይደለም፣ የቤት ሥራ ነው። ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ አለ። መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ ደህና ነኝ። መርሳቱን ደግሞ በልምምድ እየታገልኩት ነው። አሁን ከጃክሮስ ቀጥሎ ያለውን እየፈለግኩ ስለሆነ አትረብሹኝ!»

ባለ ከረባቱ መስኮቱን ከፈተ።

«ዝጋው ወንድሜ፣ በአየር አይተላለፍም» አልኩት።

መጀመሪያ የሳቀው ረዳቱ ነው። «በሉ ማዘር፣ ከጎሮ ይነሱ!»

«ጎሮ... ጃክሮስ...»

ሴትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ገ...» ስትል፣ «እንዳትነግሪኝ!» ብዬ ጮህኩባት። አፏን በእጇ ያዘች። ሹፌሩ ሳይቀር በመስታወት ያየኛል። ዓይኔን ጨፈንኩና መስኮቱን አሰብኩ። አንድ ዳቦ ቤት ነበር፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ፤ ማንንም ሳልጠይቅ መጀመሪያ ያነበብኩት ጽሑፍ። ከዳቦ ቤት በፊት የሰፈሩ ስም...

«ገርጂ! ኢምፔሪያል! መገናኛ!»

«ሃሌ ሉያ!» አለች ሴትዮዋ።

«አሜን» አልኳት፣ «ክኒኑን ግን አልተውም።»

«ማን ተይ አለሽ?» ብላ ትከሻዬን መታ አደረገችኝና ሁለታችንም ሳቅን።

ይሄኔ ከኋላ፣ «ኧረ ጃክሮስ ወራጅ ነበርኩ!» የሚል ጩኸት መጣ። ባለ ከረባቱ ነው። እኔን ሲያዳምጥ ሰፈሩ አልፎታል።

እሱን ግን «ልጆችህ እንዴት ብቻህን ለቀቁህ?» ያለው ሰው አልነበረም።

እኔ ቦታዬ ላይ ስደርስ «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ከመለጠፌ በፊት ለልጄ ለሰናይት ልኬዋለሁ። ሰናይትዬ፣ ቅዳሜ ነይ፤ የጠየቅሽኝን ሁሉ እነግርሻለሁ... ቁልፉ ግን እኔው ጋ ይቆያል።