ለአንድ ብርጭቆ የጽጌረዳ ጂን ከመናኸሪያ እስከ ጉዱማሌ

ዓርብ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ

ከአጎቴ ቤት ስወጣ የያዝኩት ባዶ ዘንቢልና አጭር ዝርዝር ነበር፤ ሎሚ፣ እንቁላል፣ ጽጌረዳ። ጂኑ አለ። አጎቴ ጋሼ መኮንን በስጦታ አግኝተውት ቡፌ ውስጥ ለዓመታት ሳይከፈት የቆየ ጠርሙስ ነው።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሰኞ የትምህርት ክፍል እንመርጣለን። እኔ ሆቴል ማኔጅመንት እፈልጋለሁ፣ አባቴ አካውንቲንግ ይላል። በመጨረሻ፣ «ጋሼ መኮንን ከመሰከረልሽ የፈለግሽውን ምረጪ» አለኝ። ጋሼም፣ «በይ እንግዲህ፣ ዓርብ ከሰዓት አንዱን መጠጥ ሠርተሽ አቅምሺኝ» አሉ።

የመረጥኩት ጂን ከሎሚ፣ ከስኳርና አረፋ ከሚሠራው የእንቁላል ነጭ ጋር የሚመታበት፣ አበባ አበባ የሚሸት የቆየ ኮክቴል ነው። አሠራሩ የብርቱካን አበባ ውሃ ይጠይቃል። ያን ስላላገኘሁ በጽጌረዳ ልተካው ወሰንኩ።

አራት ሰዓት፣ መናኸሪያ

በባጃጅ ደረስኩ። ልጣጫቸው ቀጭን የሆኑ አምስት ሎሚዎች መረጥኩ። ሁለት እንቁላል በሃያ በሃያ ብር ገዛሁ፤ ሻጯ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። አበባ ሻጩ ቀይ ጽጌረዳዎቹን በባልዲ ደርድሯል።

«ለሙሽራ ነው?»

«አይ፣ ከስኳር ጋር ላፈላው ነው።»

ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ይሄ መድኃኒት የተረጨ ነው! ለዓይን እንጂ ለሆድ አይሆንም። ሰው ግቢ የበቀለ ፈልጊ።»

ሳይሸጥልኝ መለሰኝ፤ አመስግኜው ለክፍል ጓደኛዬ ለሐና ደወልኩ። እናቷ ጉዱማሌ አጠገብ ባለው ግቢያቸው ጽጌረዳ እንደሚያሳድጉ ነግራኝ ነበር። «ሂጂ፣ ቤት ናቸው» አለችኝ።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ጉዱማሌ አጠገብ

የበዓል ማክበሪያው የጉዱማሌ ሜዳ ባዶ ነበር፤ ከዛፎቹ ሥር ሁለት ተማሪዎች ማስታወሻ ያነባሉ። የሐና እናት እትዬ ብርቄ መቀስ ይዘው ጠበቁኝ። መድኃኒት ነክቶት የማያውቅ ሮዝ ጽጌረዳ ቆርጠው ሲያስገቡልኝ ዓይናቸው ዘንቢሉ ውስጥ አረፈ።

«እንቁላሉስ ለምንድን ነው?»

«መጠጡ ውስጥ ይገባል።»

«ማን ነው የሚጠጣው?»

«አጎቴ።»

«አጎትሽ አይጾሙም እንዴ? ዛሬ እኮ ዓርብ ነው፣ ልጄ!»

ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ጋሼ የዓርብን ጾም ሽረው አያውቁም። ዛሬም ቁርስ ሳይቀምሱ ሲወጡ አይቻለሁ። ስለ አረፋው ሳስብ ቀኑን ረሳሁት!

«ያለ አረፋ ደግሞ አይሆንም» አልኳቸው፤ እንባዬ መጣ።

«ለአረፋ ታለቅሻለሽ? ነይ ወዲህ።» ማዕድ ቤት ይዘውኝ ገቡ። የሽምብራ ንፍሮ ተጥዷል፤ ክዳኑን ሲያነሱት አረፋው ገንፍሎ ወጣ። «ይኸውልሽ፣ ምድጃዬን ሁሌ የሚያበላሽብኝ! ጨው ሳልጨምርበት ነው የደረስሽው።»

ከንፍሮው ጥቂት ውሃ ቀዳን፤ እስኪወፍር አፍልተን አቀዘቀዝነው። የጃም ጠርሙስ ውስጥ ከድኜ ስንጠው ነጭ ሆኖ ተነሳ። እትዬ ብርቄ አጨበጨቡ። ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም ሁሉ ወረደ። እንቁላሎቹን እዚያው ትቼ የሽምብራውን ውሃ ይዤ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ቤት

የጽጌረዳውን የአበባ ቅጠሎች አጥቤ ከስኳርና ከውሃ ጋር አፈላሁ፤ አጥልዬ አበረድኩት። ከዚያ ጂን፣ የሎሚ ጭማቂ፣ የጽጌረዳው ሽሮፕ፣ የሽምብራው ውሃና በረዶ የጃሙ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ እጄ እስኪደነዝዝ ናጥኩ።

ጋሼ ምሳቸውን በልተው ጨርሰው ነበር። ብርጭቆውን አፍንጫቸው ድረስ አምጥተው ቆሙ።

«ይሄ አረፋ እንቁላል እንዳይሆን?»

«የሽምብራ ውሃ ነው፣ ጋሼ። ግን... ጠዋት እንቁላል ገዝቼ ነበር። ዓርብ መሆኑን ረስቼው።»

ቀመሱ፤ ደገሙ። አረፋው ጢማቸው ላይ ቀረ።

«ጂን ነው ያልሽኝ? ጂኑ የት ሄደ? አበባ ብቻ ነው የሚሸተኝ!»

ስልካቸውን አንስተው ለአባቴ ደወሉ። «ስማ፣ ልጅቷን ተዋት። ተሳስታ ነበር፤ ልትደብቀው ስትችል ነገረችኝ። እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው እንዲህ ነው የሚፈለገው።» አባቴ ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ጋሼ ግን ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁልኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያላረፍኩ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዝርዝሬን አውጥቼ ከሎሚው በላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «እንግዳው የማይነካው ምንድን ነው?»

ጋሼ ባዶውን ብርጭቆ አቀበሉኝ። «ነገ ደግሞ በእንቁላሉ ሥሪውና እናወዳድር።»

እንቁላሎቹ ጉዱማሌ ናቸው። ነገም መንገድ አለብኝ ማለት ነው።