የበረኪናው ክረምት

በረኪና በሸተተኝ ቁጥር አሶሳ ያለው ቤታችን ትዝ ይለኛል፤ ከርጥብ ሲሚንቶና ከበሰለ ማንጎ ጋር የተቀላቀለ፣ አፍንጫ የሚሰረስር፣ ለእኔ ግን ደስ የሚል ሽታ ነበር።

ኮሮና መጣ ተብሎ ትምህርት ቤት የተዘጋው ማንጎው መብሰል በጀመረበት ሙቀት ነበር። አባቴ ጉባ፣ ግድቡ ሥራ ላይ ሾፌር ስለነበር እዚያው ካምፕ ቀረ፤ እናቴ እርጉዝ ስለነበረች ልታግዛት እህቱ፣ አክስቴ ጥሩዬ፣ ከፓዌ መጣች። አክስቴ ጽዳት ስትወድ ለጉድ ነው። ቫይረሱ ከሽታው ብርታት የተነሣ የሚሞት ይመስል በረኪናውን ውሃ ሳትጨምር ወለሉ ላይ ትደፋው ነበር። አንድ ጠዋት ሽንት ቤቱን ስታጥብ፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ይበረታሉ ብላ አሲድ ጨመረችበት። ወዲያው ጉሮሮ የሚያንቅ ጭስ ተነሣና ሁላችንም እየሳልን ወጥተን ማንጎው ሥር ተቀመጥን። እናቴ ሆዷን ይዛ ትንፋሽ ሲያጥራት አክስቴ አጠገቧ ተንበርክካ አለቀሰች።

ደግነቱ እናቴ ደህና ሆነች። አክስቴንም ሳትቆጣ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያስተማረቻትን አስረዳችን፤ በረኪና ከምንም ማጽጃ ጋር አይደባለቅም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይቀጥናል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ዕቃው መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ቆሻሻው ሲለቅ በረኪናው ይቀባና ጥቂት ቆይቶ ይወለወላል። ልጅ ውሃ መስሎት እንዳይጠጣው በሃይላንድ ማስቀመጥም ቀረ። ከዚያ ወዲያ እኔና አክስቴ በየጠዋቱ ጓንት አጥልቀን፣ እሷ የወሎ ዜማ እያንጎራጎረች፣ የበሩን እጀታና የመብራቱን ማብሪያ እየተሽቀዳደምን እንወለውል ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር እህቴ ተወለደች። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አባቴ ፈቃድ አግኝቶ መጣ፤ ግን አላቀፋትም። ከመንገድ የመጣ ሰው ለብቻው ይቆይ ተብሎ ስለነበር ጓሮ ባለችው ክፍል ገባ፤ ምግቡን በሩ ላይ አስቀምጠን እንሸሻለን፣ ሳህኑን በሙቅ ውሃና በሳሙና ለብቻው እናጥባለን። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ ስታሳየው እሱ በመስኮቱ እጁን ያወዛውዝላት ነበር። ቤርትኛ አፋቸውን የፈቱበት ጎረቤታችን እማማ ሐዋ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ማለት ይቀናቸዋልና፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ልጁ ቆንጆ ነው፣ አላህ ያሳድገው» ይሏት ነበር።

ከዚያ አባቴን ትኩሳት ያዘው፤ ይንቀጠቀጥም ጀመር። አክስቴ የወለወለችውን እጀታ ደግማ ትወለውላለች፣ ዜማው ግን የለም። ባለሙያዎች መጥተው ከአፍንጫውም ከደሙም ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ እናቴ ልጇን ታቅፋ፣ ከመስኮቱ ራቅ ብላ ትቆም ነበር።

«አስገቢያት፣ ይበርዳታል» ይላታል አባቴ ከውስጥ።

ስልኩ ሲደወል እናቴ አነሣችው፣ አዳመጠች፣ ዘግታ ወደ እኛ ዞረችና «ወባ ነው። ኮሮና የለበትም» አለች።

አክስቴ ባልዲውን አስቀምጣ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እማማ ሐዋም ከአጥሩ ማዶ ተቀበሏት። ወባ በየዓመቱ ስንቱን የሰፈራችንን ሰው ያስተኛ ነበር፤ እልል ሲባልለት ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። አባቴ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ይስቅ ነበር።

መድኃኒቱን ጨርሶ፣ የተባለለትን ጊዜም ፈጽሞ፣ መስከረም ሲጠባ ወጣ። እጁን እየደጋገመ ሲታጠብ አክስቴ ቆዳህን ልትልጠው ነው ወይ ብላ ሳቀችበት። እሱ ግን ተረጋግቶ አደረቀውና ሕፃኗን ተቀበለ። ገና ሳይስማት አፍንጫውን ጨመደደችው፤ እሱም አላስለቀቃትም።

አሁን እህቴ ተማሪ ናት፣ አባቴም ሥራውን ወደ ከተማ አዙሮ በየቀኑ ቤቱ ይገባል። ጫማውን ሳያወልቅ ሮጣ ትጠመጠምበታለች፤ እሱም በአንድ እጁ አቅፏት በሌላው ስልኩን ይጎረጉራል። አባት ሲገባ ማቀፍ ለእሷ እንደ ራት የሚጠበቅ ነገር ነው። እኔ ግን ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ስመጣ፣ የያዝኩትን ሥራ አቁሜ ትንሽ አያቸዋለሁ።