ምራታቸውን ሊያስመረምሩ የመጡት እትዬ አስካለ

አንኮበር ጤና ጣቢያ በነርስነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ አቶ ከፈለኝ ነጭ ጋዋንና የአንድ ክፍል ቁልፍ ሰጡኝ። «ነፍሰ ጡሮቹ ያንቺ ናቸው» አሉኝ። «እኔ ከዚህ በር አላልፍም፤ ባሎቻቸው ይገድሉኛል።»

ስፔኩለሙንና ጓንቱን በላምባ ምድጃ ሃያ ደቂቃ ቀቀልኩ። ስፔኩለም የማህፀን በር እንዲታይ ቀስ አድርጎ የሚከፍት የብረት መሣሪያ ነው። የእጅ ባትሪዬንም አዘጋጀሁ።

መጀመሪያ የገባችው ይመናሹ የምትባል የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የሚያሳክክ ፈሳሽ አስቸግሯታል። አማቷ እትዬ አስካለ ከፊቷ ቀድመው ገቡ።

«ስንት ወልደሻል?» አሉኝ።

«አልወለድኩም።»

«አግብተሻል?»

«አላገባሁም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ባልሄድሽበት አገር ማን መንገድ መሪ አደረገሽ?»

ስፔኩለሙን ሲያዩ ደግሞ ባሰባቸው። «ይሄ ጉጠት ነው! የአንጥረኛ ጉጠት የልጄ ልጅ ያለበት ቤት አይገባም።» ይመናሹ ማልቀስ ጀመረች። አስረዳሁ፣ ለመንኩ። በመጨረሻ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«መጀመሪያ እኔን። እኔ ካልሞትኩ እሷ ትከተላለች።»

አልጋው ላይ ወጡ፤ ግን እንደ በቅሎ ተፈናጥጠው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው። የእግር ማሳረፊያውን አዩና «እርካቡስ አለ፤ ልጓሙ የታለ?» አሉ።

«በጀርባዎ ይተኙ፣ እትዬ።»

«በጠራራ ፀሐይ?»

አቶ ከፈለኝ ከውጭ ሆነው «የስንት ወር ናት? መዝገብ ልሙላ» ብለው ጮኹ።

«አማትየዋ ናቸው!» አልኩ።

አቶ ከፈለኝም «እሳቸውስ ስንት ወራቸው ነው?» አሉ።

«ሃምሳ ዓመት ከሦስት ወር ብለህ ጻፍ!» አሉ እትዬ አስካለ ከአልጋው ላይ። ይመናሹ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። በጀርባቸው ሲተኙ እኔም እየሳቅሁ ስፔኩለሙን አስገብቼ ባትሪዬን አበራሁ።

ሳቄ ቆመ። የማህፀናቸው በር ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቁስል ነበረች። በጥጥ ስነካት ደማች።

«እትዬ፣ የወር አበባዎ ከቆመ ወዲህ ደም አይተው ያውቃሉ?»

ለሁሉም ነገር መልስ የነበራቸው ሴት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«ጠብ ይላል፣ አልፎ አልፎ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጸበል ይዤለት ነበር። ለማን ልናገር? ለልጄ?»

ካንሰር ጠረጠርኩና አዲስ አበባ ሐኪም እንዲያያቸው ነገርኳቸው። «መጀመሪያ ልጅቷን እይልኝ» አሉ። ይመናሹ አልጋው ላይ ስትወጣ ራስጌዋ ቆመው እንደ አሮጌ መምህር ያዝዟት ጀመር። «ተንፍሺ! ጉልበትሽን ልቀቂ! ወደ ባትሪው አትይ!» እኔ አዛዥ ባያስፈልገኝም እኔንም ከማዘዝ አልቀሩም። የይመናሹ ነገር ቀላል ነበር፤ መድኃኒት ሰጠኋት።

አቶ ከፈለኝ ደብዳቤ ጻፉ። እትዬ አስካለ እስከ ደብረ ብርሃን በበቅሎ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄዱ። የሄዱ ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። ተሳስቼ ሰው አንከራትቼ ቢሆንስ? ሳልሳሳት ቀርቼ ቢሆንስ?

በሦስተኛው ወር ከሲተው፣ ግን በእግራቸው እየተራመዱ መጡ። ዶክተሩ «በጊዜ ደርሰዋል» ብሏቸዋል።

«ማህፀኔን እዚያው ትቼው መጣሁ» አሉኝ። «ሰባት ተሸክሟል፤ ጡረታ ይገባዋል።»

ይመናሹ ወንድ ልጅ ወለደች። እትዬ አስካለ ደግሞ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ እኔን ለመዳርም ሁለት ጊዜ ሞክረው አልተሳካላቸውም።

እናንተም ነርሶች፣ ነፍሰ ጡር ስትመጣ አጅባት የመጣችውንም ሴት ስለ ራሷ ጤና ጠይቁ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልጠይቅ የሸኘኋት የለችም።