ጆከሩ ይነሳል፣ አይነሳም

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣው የመጨረሻ ሚኒባስ አንድ ወንበር ቀርቶታል። ፈላጊዎቹ እኔና አንድ በግ ነጋዴ ነን። እኔ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ለሥራ ፈተና ካልቀረብኩ አለቀልኝ።

"በካርታ ተለያዩ፤ ካርታውን ቀድሞ ጨርሶ የዘጋ ይሳፈራል" አለን ሹፌሩ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ውስጥ ምሳውን እየጎረሰ።

ሁለት ሙሉ ካርታ ቀላቅለን ጀመርን። ነጋዴው በልብ ሰባት ቦታ ጆከር ተክቶ ዘረጋ። ቆይቶ እውነተኛዋ ሰባት እኔ እጅ ገባች። እሷን አስቀምጬ ጆከሩን ካነሳሁ ዘጋሁ ማለት ነው። እጄን ስሰድ ያዘኝ።

"እዚህ አገር የተቀመጠ ጆከር አይነሳም፣ የሸገር ልጅ!"

"እኛ ጋ ይነሳል!"

ሹፌሩ በልቶ ጨርሶ ሞተር አስነሳ። ዳኝነቱ ለሻይ ቤቱ ባለቤት ለጋሽ ተሰማ ተሰጠ።

"ጆከሩ እንደ ጓሳ ሣር ነው" አሉ፣ አገሬው በጋራ የሚጠብቀውን የተራራ ሣር ጠቅሰው። "ተዘግቶ ይጠበቃል፤ ሁሉም ሲስማማ ይከፈታል።"

ቤቱን ሙሉ ለመንኩ። ሁሉም ተስማማ፣ ነጋዴው ሳይቀር። በደስታ እጄን ዘረጋሁ።

"ቆይ ልጄ! ጓሳ ተከፈተ እንደተባለ ማጭድ ይዞ ዘው የሚል የለም። ከሚቀጥለው ተራ ጀምሮ ነው። አንተ አሁን አንድ ካርታ ጣልና እለፍ።"

ጣልኩ። ነጋዴው ከእጁ ሌላ የልብ ሰባት መዘዘ፣ ጆከሩን አነሳ፣ ዘጋና ወደ ሚኒባሱ ሮጠ።