አባቴ ያስፈለፈሏቸው ጅግሮች

አባቴ መቱ ከተማ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበሩ፤ ዶሮ ማርባት ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ ይሉ ነበር። አንድ ቀን ከቡና ጫካ ስምንት የጅግራ እንቁላል አምጥተው ዶሯችንን አሳቀፏት። ጎረቤታችን አሮጊቷ፣ «የዱር ልጅ ግቢ አይለምድም፣ ጌታዬ» ቢሏቸው፣ «እናት ካሳደገችው ይለምዳል» አሉ።

ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ዶሮዋን ሲከተሉ ሰነበቱ። ክንፍ ሲያወጡ ግን አጥሩን ዘለው ጫካ ገቡ፤ እሷም በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ተከተለቻቸው። አባቴ በቆሎ ጨብጠው እየተጣሩ ሄዱ። ሲመለሱ ጋቢያቸው በእሾህ ተቀዶ፣ ዶሮዋን ብቻ ታቅፈው ነበር።

«ጅግሮቹስ?» አሉ እናቴ።

«ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል።»

ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ፣ አባቴ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ሥር በቆሎ ሲበትኑ አይተን እንዳላየን አለፍን። የጎረቤት ዶሮዎች ወፈሩ።